በአምስት ዓመት ከጣሪያ በላይ ስላደገው ዝግባ

ለሸምበቆ ሜዳ ዩኒቨርሲቲ የአምስተኛ ዓመት የታሪክ መጽሔት አዘጋጅ ኮሚቴ
ባላችሁበት

ክቡራን ሆይ፣ በቅድሚያ እንደምን ሰነበታችሁ? ጤናችሁም፣ ቤታችሁም፣ ወንበራችሁም ደህና ይሁን። እኛ ከአጥሩ ማዶ ያለነው፣ ጌታ ይመስገን፣ አለን።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የቢጠና መምህር ነኝ፤ ቤቴ ዛሬ ቤተ መጻሕፍታችሁ በቆመበት ቦታ ላይ ነበር። ያሳተማችሁትን ባለ ቀለም መጽሔት አንብቤ ስለ ራሴ ብዙ አዲስ ነገር ስላወቅሁ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩. ዩኒቨርሲቲው «ሰው ባልሰፈረበት ሜዳ» መመሥረቱን ስለነገራችሁኝ አመሰግናለሁ። እዚያ እንሰት ተክዬ፣ ልጅ አሳድጌ የኖርኩት ሰውዬ ለካ ሰው አልነበርኩም። መንደሩ በሚመክርበት ዱቡሻ ተሰብስበን፣ ልጆቻችን ይማሩበት ብለን መሬቱን በእልልታ የሰጠነውም እኛ አይደለንም ማለት ነው።

፪. እንሰታችንን ነቅላችሁ ስታበቁ የእንሰት ምርምር ማዕከል ስለከፈታችሁም እግዚአብሔር ይስጥልን።

፫. ይህኛው ግን አንጀቴን አሳርሮታል። በሽፋኑ ላይ የሚታየው ዝግባ የመሠረት ድንጋይ በተጣለ ዕለት በክብር እንግዶች እንደተተከለ ጽፋችኋል። በአምስት ዓመት ከጣሪያ በላይ ያደገ ዝግባ! የግብርና ትምህርታችሁ እንዴት ያለ ነው ጃል! ክቡራን፣ ያንን ዛፍ የተከልነው እኔና ባለቤቴ ብርነሽ ነን። ልጃችን ትዕዛዝ በወባ ስትሞትብን፣ እንደ አገራችን ልማድ በጓሯችን ቀብረን በራስጌዋ ተከልነው። ስንነሳ መቃብሩ እንደማይነካ፣ ብርነሽም ቀኗ ሲደርስ ከልጇ ጎን እንደምታርፍ ቃል ተገብቶልን ነበር። አሁን ቀኗ ደርሷል፤ ከኦቶና ሆስፒታል ሐኪሞቹ ወደ ቤት መልሰዋታል። የምትጠይቀው ያንን ቦታ ብቻ ነው። ከጥበቃ ወደ አስተዳደር፣ ከአስተዳደር ወደ ግንባታ ክፍል ተመላለስኩ፤ በመጨረሻ ሰው ባልሰፈረበት ሜዳ መቃብር ሊኖር እንደማይችል መጽሔታችሁን ገልጠው አስረዱኝ። ታትሞ ከወጣ ምን ይደረጋል!

እንደማትፈቅዱ አውቃለሁ፤ የጻፍኩት ብርነሽ ጻፍክላቸው ወይ እያለች ስለምትጠይቀኝ ነው።

ታሪካችሁ ሳይጀመር ቀድሜ በመገኘቴ ይቅርታችሁን እየለመንኩ፣ ዕድሜና ሹመት ያብዛላችሁ እላለሁ።

በዚያ ሜዳ ያልኖርኩት
ጌታሁን ባዳቾ
ቢጠና፣ ኅዳር 2003 ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ሳልልከው ብርነሽ አረፈች። ትናንት በቤተ ክርስቲያን ግቢ ቀበርናት፤ ስለዚህ በመልሱ አትቸገሩ። ዝግባውን የተከሉት እንግዶቻችን ናቸው ብላችሁ ስለጻፋችሁ ግን አንድ ነገር ላስቸግራችሁ፦ ከሥሩ ያለችው ልጅ እናቷን ትጠብቃለች፤ እንደማትመጣ እናንተ ንገሩልኝ፣ እኔን ዘበኛው አያስገባኝም።