ታንኩ ያደረበት ቤት

ሰኞ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2005

ዝናብ። ጠዋት ሁለት ነጋዴዎችና አንድ በግ አሻገርኩ። በጉ ከነጋዴዎቹ ይልቅ ረጋ ብሎ ተቀመጠ።

ድልድዩን ጎርፍ ከወሰደው ወዲህ ማዶ ያለን ሰዎች ከቦንጋ መንገድ ጋር የምንገናኘው በዚህች ጀልባ ነው። አንድ ድርጅት ሰጠ፣ ወረዳው እኔን ቀጠረ። የወፍጮ መካኒክ የነበርኩ ሰውዬ ዛሬ ካፒቴን ተብያለሁ። ዋና አልችልም። ይህን ለአለቃዬ ለአቶ ጣሰው አልነገርኳቸውም...

ዛሬ እሳቸው አንድ ትእዛዝ አመጡ። ከወንዙ ዳር ቤንዚን ስለተሰረቀ "ታንኩ ከአሁን ጀምሮ አንተ ቤት ያድራል" አሉ። ቤቴ አንድ ክፍል ነች። አልጋችን፣ የባለቤቴ የዝማሬ የማር ጀሪካኖች፣ አሁን ደግሞ ከጀልባዋ የሚፈታው ቀዩ የቤንዚን ታንክ። ይዤ ስገባ ዝማሬ የአባቷን ማር ለቦንጋው ነጋዴ እያዘጋጀች ነበር። ከአሮጌ ቀፎ የወጣውን ጥቁር ሰም በእጇ እያሸች የጀሪካኑን አፍ ትደፍናለች። እሷ የደፈነችው ጀሪካን ቢገለበጥ ጠብ አይልም፣ ጉንዳንም አይገባውም።

ታንኩን ስታይ አፍንጫዋን ያዘች።

"ኢሳያስ፣ ይሄ ሽታ ይገለኛል።"

"ትንሽ ቻይው።"

ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ወጥታ አስመለሳት። ምን ላድርግ? የመንግሥት ንብረት ነው፣ ውጭ አላሳድረው።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 24

ዝማሬ ዛሬ አላስመለሳትም። ለመደችው መሰለኝ። ሰው የማይለምደው ነገር የለም አልኳት። ሳቀችብኝ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 25

ሞተሩ ዛሬ ውኃ ላይ ጠፋ።

ከእኛ ፊት ለፊት ያለው ዳር ገደል ስለሆነ መኪና የሚደርስበት መውጫ ጋ ለመድረስ ውኃውን እየገፋን ወደ ላይ መውጣት አለብን። ግማሹን እንደወጣን ሳል ሳል አደረገውና ዝም አለ። ገመዱን ሳብኩ። ምንም። ደግሜ ሳብኩ። ምንም። ጎርፉ ይዞን መውረድ ጀመረ፣ ተሳፋሪዎቹ ስለት መሳል ጀመሩ። ቤንዚን አልቆ ይሆን ብዬ የታንኩን ክዳን ብከፍት ከግማሽ በላይ አለ። ስዘጋው፣ ገመዱን ስስብ... ተነሳ! ለምን እንደተነሳ አላውቅም። የሆነ ነገር ስላደረግሁ ተነስቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ጋሽ ገብረ ሥላሴ ከዳር ቆመው ያዩን ነበር። ጀልባዋ ሳትመጣ ሰው የሚያሻግሩት እሳቸው ነበሩ፣ በታንኳና በዘንግ። "ዘንግ መሀል ላይ አይጠፋም" አሉኝ። ይበቃል።

እሑድ፣ ሐምሌ 28

ካንዴላውን፣ ለሞተሩ እሳት የሚሰጠውን፣ ፈታሁ። ትንሽ ጥቁር ነበር፣ በብረት ብሩሽ ጠርጌ መለስኩት። ዳር ላይ አስነሳሁት፣ እንደ አዲስ ሠራ። ደስ አለኝ። ለዝማሬ "ካንዴላው ነው" አልኳት፣ ካንዴላ ምን እንደሆነም አብራራሁላት። አዳመጠችኝ፣ ደግ ናት።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 2

ካንዴላው አይደለም።

ዛሬም ጠፋ። አንዲት ሴት ልጇን አቅፋ በጆሮዬ ጮኸችብኝ። በቅርንጫፍ ተንጠላጥለን ነው የቆምነው። ውኃ የገባበት ቤንዚን ሸጠውልኝ ይሆናል ብዬ ያለውን ሁሉ በንጹሕ ነጠላ አጠለልኩት። የዝማሬ ነጠላ ነው፣ ኋላ ቁጣዋ ይደርሰኛል። የቤንዚን ማጣሪያውን ፊልትሮ ነፋሁ። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር በትኜ ጠረግሁ። ንጹሕ! ምንም የለበትም። ወፍጮ ቢሆን እኮ ድምፁን ሰምቼ እነግርሃለሁ... ይሄ ግን ደህና ይነሳል፣ ደህና ይሄዳል፣ ከዚያ በቃኝ ይላል። አመል ያለው በቅሎ ነው።

ሰኞ፣ ነሐሴ 6

የጤና ኤክስቴንሽኗ ምሥራቅ መጥታ ዝማሬን አየቻት። ሆዷን ደጋግማ ዳሰሰች። ፊቷን እያየሁ ነበር። አልወደድኩትም።

"ልጁ ወደ ላይ ነው ጭንቅላቱ፣ አልዞረም" አለች። "ሊዞር ይችላል። ካልዞረ ግን እዚህ አትወልድም፣ ኢሳያስ። ጤና ጣቢያም አይደለም፣ ቦንጋ ሆስፒታል። ጳጉሜ ሳይገባ ትሻገር።"

ዝማሬ ቦንጋ የምትኖር እህት አለቻት፣ ይመኙሻል፣ እሷ ጋ ትቀመጣለች። ዛሬውኑ ሂጂ አልኳት። "የአባቴን ማር ሳላስረክብ? ነጋዴው ነሐሴ 24 ይመጣል፣ በማግስቱ እሄዳለሁ" አለች። ተጨቃጨቅን። አሸነፈች።

የምትሻገረው በዚህ ሞተር ነው። በዚህ ሞተር! ወንዙ ደግሞ ጋሽ ገብረ ሥላሴ እንዳሉት ዘንግ ታች መሬት የማይነካበት ወቅት ላይ ነው። መሀል ላይ ቢጠፋስ? ምጥ ቢመጣስ? ሁለቱም አንድ ላይ ቢመጡስ? ዝማሬ ትስቃለች፤ "አንተ ዝናቡ ሳይጥል ጃንጥላ የምትዘረጋ ሰው" ትለኛለች። እሷ ስትተኛ እኔ ታንኩን አያለሁ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 9

ኔትወርክ ያለበት ኮረብታ ላይ ወጥቼ አርባ ምንጭ ደወልኩ። ውባየሁ እዚያ ሐይቁ ላይ የጀልባ ሞተር ይጠግናል፣ ስንሠለጥን ነው የተዋወቅነው።

"ታንኩ ይተነፍሳል?" አለኝ።

"እንዴት?"

"ቤንዚኑ ሲወጣ በቦታው አየር መግባት አለበት። ክዳኑ ላይ ያለችው ብሎን ካልተከፈተች ታንኩ ይታፈንና ቤንዚን አይሰጥም። እሷን እያት።"

ሮጬ ወረድኩ። ብሎኗ ክፍት ናት... ሁሌም ክፍት ናት። ክዳኑን ገልብጬም አየሁ፣ ውስጡ የለበሰው ጥቁር ጎማም ደህና ነው፣ አልተቀደደም። ተመልሼ ወጣሁና ነገርኩት። "እንግዲያው ፓምፑ ነው፣ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ነው" አለ።

አቶ ጣሰውን ጠየቅኋቸው። "በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ፕላን ውስጥ እናስገባዋለን" አሉ። ሚስቴ በሩብ ዓመት ፕላን አትወልድም ልል ነበር። "እሺ" ብዬ ወጣሁ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 13

አንድ ነገር አስተዋልኩ። ታንኩ ሙሉ ሲሆን ቶሎ ይጠፋል! ጎዶሎ ሲሆን ይቆያል። እንዴት ነው ነገሩ? የጠገበ ሞተር አይቼ አላውቅም። በቱቦው መሀል ያለችው በእጅ የምትጨመቀዋ ጎማም ሲጠፋ ጠፍጣፋ ሆና ትገኛለች። የፓምፑ ጣጣ ይሆናል...

እየባሰበትም ነው። በፊት አንዳንዴ ነበር፣ አሁን ሁልጊዜ። መጥፋቱ ሲደርስ ክዳኑን ከፍቼ አየት አድርጌ መዝጋት ልማዴ ሆኗል፣ ከዚያ ይነሳል። ካላየሁት አይነሳም። ለጋሽ ገብረ ሥላሴ ብነግራቸው "እንግዲህ ዓይንህን ይፈራል" አሉ። ቀልድ ነው ግን አልሳቅሁም።

ዓርብ፣ ነሐሴ 17

ልጁ አልዞረም።

እሑድ፣ ነሐሴ 19

ዝማሬ ወገቧን ያማታል። ድካም ነው ትላለች፣ ጀሪካን ስታነሳ ውላለች። እንግዲያውስ ነገ እንሻገር ብላት ነጋዴውን አነሳችብኝ። ነጋዴው ይቅር! ማሩ ይቅር! እንዲህ ብዬ ጮህኩባት። ከተጋባን ጮኼባት አላውቅም። ሰሟን አንስታ ታሽ ጀመር።

ፈርቼ ነው። ልነግራት ነበር፣ አልነገርኳትም።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 22። ቦንጋ

ተርፈናል። ይህን አስቀድሜ ልጻፈው።

ትላንት ጠዋት ቁርስ ስንበላ ውኃዋ ፈሰሰ። ምሥራቅን ጠራሁ፣ እሷ ወደ ኮረብታው ሮጣ አምቡላንስ መውጫው ጋ እንዲጠብቀን ደወለች። ጋሽ ገብረ ሥላሴ ማንም ሳይጠራቸው ዘንጋቸውን ይዘው ጀልባዋ ውስጥ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ዝማሬን በቃሬዛ አስገባናት። ታንኩ ሙሉ ነበር፣ ሌሊቱን እንዳይጎድልብኝ ብዬ ሞልቼው ነበር። የኔ ነገር! ሲሞላ ቶሎ እንደሚጠፋ ራሴ ጽፌ።

ከዳር ብዙም ሳንርቅ ጠፋ። ክዳኑን ከፍቼ ዘጋሁ፣ ተነሳ። ትንሽ ሄደና ደገመው። እንዲህ እያልን ጎርፉ ወደሚበረታበት ደረስን፣ እዚያ ሲጠፋ ግንድ መጥቶ መቅዘፊያችንን ሰበረ። ጋሽ ገብረ ሥላሴ በዘንጋቸው ገፉት። "ቶሎ፣ ልጄ፣ ቶሎ!" ይሉኛል፣ ድምፃቸው ተለውጧል። ዝማሬ የምሥራቅን እጅ ነክሳለች። እኔ ክዳኑን ከፈትኩ፣ እጄ ስለራሰ ክዳኑ አመለጠኝና ዝማሬ እግር ሥር ወደቀ። ታንኩ አፉን ከፍቶ ቀረ።

"ክደነው!" አለች ዝማሬ፣ በምጧ መሀል። "ሽታው መጣ፣ ኢሳያስ፣ ክደነው! ለዚህ አይደል የደፈንኩት!"

"ምኑን ነው የደፈንሽው?"

"ቀዳዳውን ነዋ! ክዳኑን! በሰም!"

ክዳኑን አነሳሁና ገለበጥኩት። ያ ጥቁር ጎማ... በጥፍሬ ነካሁት። ገባ። ሰም ነው። ተስተካክሎ፣ ለስልሶ፣ እንደ ማር ጀሪካን ተደፍኗል። በጥፍሬ ቆፈርኩት፣ ቀዳዳዋን ከመሣሪያዎቼ መሀል ባገኘኋት ሽቦ ወጋኋት። አልዘጋሁትም፣ ክዳኑን ዝም ብዬ አፉ ላይ አስቀመጥኩት። ገመዱን ሳብኩ።

ተነሳ። አልጠፋም። መውጫው ጋ እስክንደርስ እየጠበቅሁት ነበር፣ አሁን ይጠፋል፣ አሁን ይጠፋል እያልኩ። አልጠፋም።

በኦፕሬሽን ወለደች። ሴት ናት። ሐኪሟ ወጥታ "ትንሽ ብትቆዩ..." ብላ ጀመረችና ተወችው። ባትጨርሰው ተሻለኝ። ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ፣ ይመኙሻል አየችኝ፣ ግድ የለም ትየኝ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 23

ዝማሬ ዛሬ መናገር ጀመረች። የመጀመሪያ ነገሯ ለቅሶ ነው።

"እኔ ልገላት ነበር። በገዛ እጄ።"

ለምን እንደደፈነችው ነገረችኝ። ታንኩ በገባ በማግስቱ ነው። ሽታው በክዳኑ ቀዳዳ እንደሚወጣ በአፍንጫዋ ፈልጋ ደረሰችበት። ማሩም ቤንዚን ቤንዚን ሊል ነው፣ ነጋዴው ይመልሰዋል። ቀዳዳዋ የተበላሸ ነገር ናት ብላ ክዳኑን ከውስጥ በሰም ለበጠችው። ቤንዚኑ ሰሙን ሲያላላው ሽታው ይመለሳል፣ እሷም ትጨምርበታለች። የባሰበት ለዚህ ነው ለካ... ሲሞላ ቶሎ የሚጠፋው ውስጡ የቀረው አየር ትንሽ ስለሆነ፣ ክዳኑን ስከፍት የሚነሳውም አየር ስለሚገባለት ነበር። እኔ ወንዝ ዳር ሞተር ስፈታ እሷ ቤት ውስጥ ታንክ ትደፍናለች፣ ሁለታችንም ስለ ልጃችን እያሰብን።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት። ቁጣ አልነበረም። ማወቅ ፈልጌ ነው።

አየችኝ።

"ነገርኩህ እኮ። ቻይው አልከኝ። ቻልኩት።"

ያ ሞተር ለምን እንደሚጠፋ ከወረዳ እስከ አርባ ምንጭ ጠይቄያለሁ። ከታንኩ ጋር አንድ ክፍል የምታድረውን ሴት ግን አልጠየቅኋትም። ሽታው እንዴት ሆነልሽ ብላት በአንድ ቃል ያልቅ ነበር። ለመደችው ብዬ ጻፍኩ እንጂ።

እንዳታለቅሺ አልኳት፣ ስፌቱን ያምሻል። እጇን ያዝኩ። ሰም ሰም ይላል እስካሁን።

ሐሙስ፣ መስከረም 9 ቀን 2006

ወደ ቤት ተመለስን። ልጅቷን ይመኙሻል ቤዚ ትላታለች፣ ስሟ በዛወርቅ ነው፣ የዝማሬ እናት ስም። ወንዝ ዳር ያሉት ጎረምሶች ግን "ሰሚቱ" ብለው አውጥተውላታል። የሰሙን ነገር ያወሩት ጋሽ ገብረ ሥላሴ ናቸው፣ አውቃለሁ።

እነሱ ቦንጋ ሳሉ ለታንኩ ቤት ሠርቼለታለሁ። ከኛ ቤት ራቅ ብሎ፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ ቁልፍ ያለው። አቶ ጣሰው "ማን ፈቀደልህ?" አሉ። "ማንም" አልኳቸው። ራሴ ገረመኝ። ቁልፉን ነካ ነካ አደረጉና "ቁልፉ ጥሩ ነው" ብለው ሄዱ።

ሰማዩ ጠርቷል፣ አደይ አበባው ከዳር እስከ ዳር ወጥቷል፣ ወንዙ ግን ገና ትልቅ ነው። ዛሬ ከመውጫው ወደ ቤት ልንሻገር ስንል ብሎኗን አየሁ። ክዳኑን ገልብጬ አየሁ። ደግሜ አየሁ። ዝማሬ ልጅቷን ታቅፋ ወደ ፊት ተቀምጣለች፣ ከታንኩ ርቃ።

"ሽታው እንዴት ነው?" አልኳት።

"አለ። ግን እዚያ ጋ ነው።"

መሀል ደረስን። ጎርፉ የሚበረታበት ቦታ ሲመጣ ጆሮዬ ሁሉ ሞተሩ ላይ ነው። ዞራ አየችኝ።

"አሁንም ትፈራለህ?"

"እፈራለሁ።"

"እኔም" አለች። ይህን ብላኝ አታውቅም። እኔ ብቻ የምፈራ መስሎኝ ነበር እስከዛሬ።

ልጅቷ አልነቃችም። ጋሽ ገብረ ሥላሴ ከኛ ዳር ቆመው ገመድ ወረወሩልኝ፣ ጀልባዋን አሰርኩ። ሞተሩ አሁንም ይሠራል። ቆይቼ በእጄ አጠፋሁት።