ቁጥር 217 ገና አልወጣም

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለዴልበርት፤

እንዴት ሰነበትክ? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ ያ የመጋዘን ሥራ አሁንም ያጎብጥሃል? ኮሪናስ? ልጆቹስ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ እንዳልዋሽህ የአባባን ሳል በስልክ ሰምተሃል።

የከሰል ጉድጓዱ ሲዘጋ የመጣውን የበጎ አድራጎት ድርጅት ነግሬህ ነበር። በጸደይ ወራት ኃላፊዋ ወይዘሮ ዊትኮም ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ሰበሰቡንና ወረቀት አድለው የሚያስፈልገንን ጻፉ አሉን። ሰዉ ሳይመካከር አንድ ነገር ጻፈ፤ የሳንባ ክሊኒካችን እንዳይዘጋ። እሱ ከተዘጋ አባባ ያን የኦክስጅን ሲሊንደር እየጎተቱ ተራራውን ተሻግረው ሁለት ሰዓት ሊሄዱ ነው። ወይዘሮዋ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው "ሰምተናችኋል" አሉ። እኔ ሞኟ አምኜ የፖም ኬክ ጋግሬ ወሰድኩላቸው።

ከዚያ የየሠራተኛው ቁጥር የተቀረጸበትን ናስ ቤት ለቤት ለመኑን፤ ለመታሰቢያ ነው ብለው። ልጆች ሳለን እማማ የጉድጓዱ በር ላይ ያለውን ሰሌዳ አይታችሁ ኑ ስትለን ትዝ ይልሃል? አባባ ሲወርዱ ቁጥራቸውን "ውስጥ" በሚለው በኩል ይሰቅላሉ፣ ሲወጡ "ወጥቷል" ወደሚለው ያዞራሉ። የአንድ ሰው ቁጥር እንኳ "ውስጥ" ላይ ከቀረ፣ ጓደኞቹ ቆመው ይጠብቁታል እንጂ ማንም ቤቱ አይሄድም።

ባለፈው ወር የሥልጠና ማዕከላቸው ተመረቀ። የድሮው የሠራተኞች መታጠቢያ ቤት ኮምፒውተርና የመስታወት በር ገብቶለታል፤ ግድግዳው ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ተስሏል። በመግቢያው ያንን ሰሌዳ ሰቅለውታል። የሰበሰቧቸው ስድሳ ሦስቱም ቁጥሮች ተወልውለው ያበራሉ፤ አንድም ሳይቀር ሁሉም "ውስጥ" በሚለው በኩል! መብራቱ የሚያርፈው በዚያ በኩል ስለሆነ ያምራል ብለው ነው አሉ።

የአባባ ጓደኛ ሆበርት፣ "ኧረ ዊልማ፣ እነዚህ ሰዎች ሁላችንንም ከነነፍሳችን ቀበሩን እኮ!" አለኝ። መጀመሪያ ሳቅን። ቀጥሎ የሞቱትን ሰዎች ቁጥር ስናይ ሆበርት ባርኔጣውን አወለቀ።

ወይዘሮዋ ስለ ተስፋ ሲናገሩ አባባ ተነሡ። ሲሊንደራቸውን እየጎተቱ ሰሌዳው ሥር ቆሙና፣ "ሆበርት፣ ና ውጣ!" ብለው ቁጥሩን አዞሩት። የሞቱትንም ያሉትንም በየስማቸው እየጠሩ አወጧቸው። ሦስት ሰው አውጥተው ቆም ይላሉ፣ ትንፋሻቸውን ሰብስበው ደግሞ ይቀጥላሉ። ላግዝዎት ለማለት የደፈረ አልነበረም። ወይዘሮ ዊትኮም ግን ለፎቶ አንሺያቸው "ይሄን አንሣው፣ ይሄን እንዳያመልጥህ!" ይሉ ነበር።

በመጨረሻ የአባባ ቁጥር 217 ብቻ ቀረ። ወይዘሮዋ እያጨበጨቡ ቀረቡና "አባት፣ የእርስዎን እኔ ላዙርልዎት?" ብለው እጃቸውን ዘረጉ። አባባ እጃቸውን ያዟቸው።

"ተዪው እመቤቴ። ከሰሉ እዚህ ደረቴ ውስጥ ነው ያለው። እኔ ገና አልወጣሁም" አሏቸው።

ወይዘሮዋን በሩ ላይ ጠብቄ የክሊኒኩን ነገር አነሣሁባቸው። ድርጅታችን የሚሠራው ለወደፊቱ ነው፣ ክሊኒክ ከዓላማችን ጋር አይሄድም አሉኝ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ክሊኒኩ ባለፈው ዓርብ ተዘጋ። ትናንት የድርጅቱ መጽሔት በፖስታ መጣ፤ የአባባ ፎቶ ሽፋኑ ላይ ወጥቶ ከሥሩ "ያለፈውን በክብር መሸኘት" ይላል። ምድጃ ውስጥ ከተትኩት።

ዴልበርት፣ የክሊኒኩ ሐኪም ከመሄዱ በፊት ለብቻዬ ጠርቶ ከብርዱ ወራት አያልፉም፣ ጸደይን አትጠብቁ ብሎኛል። አባባም ሳይነግራቸው አውቀውታል። "ጊዜው ሲደርስ ቁጥሬን ዴልበርት ያዙርልኝ፣ ሌላ ሰው እንዳይነካው" ብለዋል። በወሩ መጨረሻ ለምስጋና ቀን በዓል እመጣለሁ ያልከውን አታስተላልፍ፤ ከቻልክ ከዚያም በፊት ና።

ኮሪናን ጉንጯን ሳምልኝ። ለትልቁ ልጅህ ለኤመት አባባ የዓሣ መንጠቆ አስቀምጠውለታል፤ ትንሿን ኦፓልን አገላብጠህ ሳምልኝ። ሆበርትም ሰላም ብሎሃል። ማታ ማታ ከሽማግሌዎቹ ጋር ማዕከሉ ሄዶ ሰሌዳው ሥር ይቀመጣል። ጥበቃው ልዘጋ ነው፣ ወደየቤታችሁ ሂዱ ሲላቸው፣ ሆበርት "አንድ ሰው ውስጥ አለን" ይለዋል።

እህትህ ዊልማ
ብሬሲ ክሪክ፣ ዌስት ቨርጂኒያ
ኖቬምበር 6 ቀን 2019