አያቴና የሐይቁ ዳርቻ

ሰኞ፣ ሰኔ 16 ቀን 1995 ዓ.ም.

ዛሬ የሐይቁን ሁለት የአየር ፎቶዎች፣ አሮጌውንና አዲሱን፣ ይዤ በርበሬ በረንዳ አባቴ ሱቅ ሄድኩ። አገር ቤት ሐይቁ ዳርቻውን እየበላ ነው፤ የአያቴ መቃብር ደግሞ እዚያው ዳር ላይ ነው። ሼኩ ለአባቴ የነገሩት አንድ ነገር ነው፤ "ውኃው እንደሚደርስባት ካልተረጋገጠ ከተኛችበት አትነሳም።" ማረጋገጡ የእኔ ሥራ ሆነ። የተማርኩት ይህንኑ አይደል!

"እሺ ልጄ፣ ይደርስባታል ወይስ አይደርስም?" አለኝ አባቴ።

አሮጌው ፎቶ የተነሳው ከክረምት በፊት ይሁን በኋላ እንደማይታወቅ ነገርኩት። ሐይቁ በበጋ ይሸሻል፣ በክረምት ይመጣል፤ ስለዚህ ምን ያህል መሬት እንደበላ በትክክል መናገር አልችልም። ልሳሳት የምችልበት ርቀት አያቴን ከውኃው ከሚለያት ርቀት ይበልጣል። መመረቂያ ጽሑፌ ላይ ቢሆን ይህን በአንድ መስመር ጽፌ አልፈው ነበር። ለአባቴ ግን እንዴት ብዬ?

"እንግዲያው አይታወቅም ማለት ነው" አለ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ወዲያው ዝናቡ ወረደ። ተራው በሙሉ ሸራ ፍለጋ ተራወጠ። አባቴ ግን ሸራውን በእጁ እንደያዘ፣ ደጅ ከተሰጣው በርበሬ አጠገብ ቆሞ ቀረ።

"ጋሼ ሰኢድ፣ ኧረ በርበሬውን ይሸፍኑት!" አለች ጎረቤታችን።

ሸራውን ልቀበለው ስል አልለቅም አለ።

"እናቴንስ?" አለኝ።