ዋናውን ይዘው ይምጡ ስላሉኝ

ለተከበሩ የከተማ ውበትና ጽዳት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለ ማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል እላለሁ። በተለይ የወገብዎ ነገር ያሳስበኛል፤ በአራት ወር ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ደጅ ልጠና ስመጣ ዘጠኙንም ጊዜ ስብሰባ ተቀምጠዋል ተብያለሁና፣ ያን ያህል መቀመጥ ለማንም ወገብ አይበጅም። እኔ ደህና ነኝ። የኮሪደርዎ አግዳሚ ወንበርም ደህና ነው፤ አንድ እግሩ አጭር በመሆኑ በግራ ጫፍ የተቀመጠ ባለጉዳይ በቀኝ ያለው ሲጠራ አብሮ ይነሣል እንጂ ሌላ እንከን የለበትም።

ስሜ በመዝገብዎ ቢኖርም መልኬን ስለማያውቁት ራሴን ላስተዋውቅ። ከአውቶቡስ መናኸሪያው ፊት ለፊት ባለች፣ ሱቄም ቤቴም በሆነች አንዲት ክፍል መጋረጃ እሰፋለሁ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የአራት ቁጥር አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ከዚህ ሌላ አንድ አመል አለብኝ፤ በየመንገዱ ግድግዳ ላይ የሚስሉ ሰዎች ሥራቸውን በወረቀት ሲያትሙ እሰበስባለሁ።

መሥሪያ ቤትዎ ስለዚህ አመሌ ብዙ ጥርጣሬ እንዳለው ስለተረዳሁ እውነቱን ባጭሩ ልንገርዎት። ከእነዚህ ሠዓሊዎች አንዱ፣ ሰው ሁሉ ጉንዳን እያለ የሚጠራው፣ ግድግዳ ላይ የሣለውን በእንጨት ፍሬም በተወጠረ ስስ ጨርቅ ቀለም እያሳለፈ በወፍራም ወረቀት ያትመዋል። ጨርቁን የምወጥርለት እኔ ነኝ። የሚያትመው ሃያ አምስት ብቻ ነው። በእያንዳንዱ ግርጌ ቁጥሩን በእርሳስ ይጽፋል፣ ይፈርማል፤ ከዚያ በኋላ ሃያ ስድስተኛ እንዳይኖር ጨርቁ ገዢዎቹ ቆመው እያዩ በመቀስ ይቆረጣል። መቀሱም የእኔ ነው።

ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ጉንዳን በመናኸሪያው የግንብ አጥር ላይ ሣለው። ለምን እሱን መረጥህ ብዬ ብጠይቀው፣ እየሮጠ ሲመጣ በሩን ዘግቶበት የማያውቅ ሾፌር እሱ ብቻ እንደነበረ ነገረኝ። እጅጌውን ሰብስቦ፣ ክርኑን በመስኮት አውጥቶ፣ ከኋላ የሚሮጠውን ሰው በመስታወት እያየ ሲጠብቅ ነው የሣለው። ባለቤቴ ፎቶ መነሣት አይወድም ነበርና በእጄ የቀረው የመታወቂያው ፎቶ ብቻ ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ ሊቆጡት የጠሩት ሰው ይመስላል። ስለዚህ ሥዕሉ ሲታተም ከሃያ አምስቱ አራት ቁጥሩን፣ የአውቶቡሱን ቁጥር፣ እኔ ወሰድኩ። ጨርቁንም በገዛ እጄ፣ ፊቱ ላይ፣ ለሁለት ቆረጥኩት። ደንብ ደንብ ነው፤ ይህን እርስዎ ከማንም በላይ ይረዱልኛል።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ግድግዳውን ግራጫ ስላስቀቡልን አመሰግናለሁ። ቀድሞ መንገደኛው ሁሉ እየቆመ ያይ ስለነበር መተላለፊያው ይጨናነቅ ነበር፤ አሁን ማንም ቀና ብሎ አያይም። በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ የተለጠፈው ሪፖርት እንደሚለው፣ ሥዕሉ ዳግመኛ ብቅ እንዳይል ቀለሙ ሦስት ጊዜ ተደራርቦ ተቀብቷል። ሠራተኞችዎም ጨዋዎች ናቸው። አንደኛው ባለቤቴ ፊት ሲደርስ ጥቂት ቆመ፤ በአራት ቁጥር ሲመላለስ የኖረ ሰው ኖሯል መሰለኝ፣ ኮፍያውን አውልቆ ቀባው።

ሁለተኛ፣ ሦስት ተቆጣጣሪዎች ልከው ቤቴን ስላስጎበኙልኝ አመሰግናለሁ። የሠዓሊውን ማንነት ለማጣራት ፋይል መከፈቱን፣ በወረቀቱ ግርጌ ያለው ፊርማም ለማስረጃ እንደሚፈለግ በትሕትና አስረድተውኛል። ግድግዳዬ ላይ ካሉት አሥራ አራት ሥራዎች አንዱን ብቻ፣ ያንኑ አንዱን፣ አውርደው ወስደዋል። ፍሬሙንና መስታወቱን ትተውልኛል፤ ዛሬም ባዶውን ተሰቅሏል።

ሦስተኛ፣ መዝገብ ቤትዎ ለሰነድ ያለውን ጥንቃቄ በዓይኔ ስላየሁ አመሰግናለሁ። ወረቀቱ ፋይሉ ውስጥ እንዲገባ ለአራት ታጥፏል፣ ሁለት ቦታም በመብሻ ተበስቷል። አንደኛው ቀዳዳ በመሪው መሐል፣ ሌላው በጆሮው ሥር ያልፋል። «ገቢ ሆኗል» የሚለው ክብ ማኅተም ግን ልክ ደረቱ ላይ አርፏል፤ ሰላሳ አንድ ዓመት መንግሥትን አገልግሎ ደረቱ ላይ አንድ ነገር ሳይደረግለት የሞተ ሰው ስለነበር፣ ቢዘገይም ደርሶታል።

አራተኛው ምስጋናዬ ረዘም ስለሚል አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጉንዳን የሚባል ሰው በነዋሪዎች መዝገብ ባለመገኘቱ ፋይሉ ተዘጋ። ደስ እያለኝ ንብረቴን ልረከብ መጣሁ። የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ሰው ሳታጉላላ የምታስተናግድ ሴት ናት። ፋይሉን አወጣች፣ ወረቀቱን ዘረጋች፣ ከግርጌው ያለውን ቁጥር አነበበች፤ ሌሎች ሃያ አራት መኖራቸውን ራሴው ነገርኳት። ነገሩን ያበላሸሁት እዚህ ላይ ነው።

«እናቴ፣ ይሄማ ቅጂ ነው» አለችኝ። «ቅጂ ደግሞ ከዋናው ጋር ሳይመሳከር ከእጃችን አይወጣም። ዋናውን ይዘው ይምጡ።»

ዋናው ግድግዳ መሆኑን፣ ወርዱ ስድስት ሜትር እንደሆነ፣ የተቀባውም በዚሁ መሥሪያ ቤት ትእዛዝ እንደሆነ አስረዳኋት። ጥቂት አሰበች። መመሪያው ወረቀትና ግድግዳ ብሎ እንደማይለይ በሐዘኔታ ነገረችኝና፣ ቃሏ ብቻ እንዳይሆን ቁጥርና ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ጻፈችልኝ፦ «ባለንብረቷ ዋናውን በራሳቸው ወጪ እንዲያቀርቡ ታዘዋል።»

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዴን ለጥቂት መስመር ላቁም። ያ ወረቀት ናፍቆኛል። ማታ ማሽኔን ስዘጋ ቀና ብዬ የማየው እሱን ነበር፤ አሁን ቀና ስል መስታወቱ የራሴን ፊት ያሳየኛል። ከሰብሳቢ ጓደኞቼ አንዱ፣ ጎሚስታው፣ የራሱን አሥራ አንድ ቁጥር ጠቅልሎ ይዞልኝ መጥቶ ነበር፤ አልተቀበልኩትም። እሱም በሩ ያልተዘጋበት ተሳፋሪ ነበር፤ የእሱን ወስጄ ግድግዳውን ባዶ ላደርግበት አንጀቴ አልቻለም።

እንግዲህ ትእዛዝ አክባሪ ዜጋ ነኝና፣ ካለፉት አምስት ቅዳሜዎች ወዲህ ዋናውን በማቅረብ ላይ ነኝ። እርጥብ ጨርቅና የፕላስቲክ መፋቂያ ይዤ ግራጫውን በስሱ እፍቃለሁ። ጉንዳን ሥዕሉን በቫርኒሽ ስለሸፈነው ከሥር ያለው አልተነካም። የመጀመሪያው ቀን የመናኸሪያው ዘበኛ በማን ፈቃድ ነው ብሎ ሲያፋጥጠኝ የመሥሪያ ቤትዎን ደብዳቤ አሳየሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው፣ ማኅተሙን በጣቱ ዳበሰው፣ ከዚያ መሰላል አመጣልኝ። በሁለተኛው ቅዳሜ ጎሚስታው መጣ፤ በሦስተኛው አምስት ሌሎች ባለ ወረቀቶች የየራሳቸውን ቅጂ እያዩ መስመሩን ይጠቁሙን ጀመር። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ አንድ ባለ ኮፍያ ሰው በእረፍት ቀኑ ከእኔ የተሻለ መፋቂያ ይዞ መጣ። ስሙን አልጠየቅሁትም፣ እርስዎም ባይጠይቁኝ እመርጣለሁ።

እስካሁን ክርኑን፣ የተሰበሰበውን እጅጌና ግማሽ ትከሻውን አቅርበናል። በመጪው ቅዳሜ ፊቱ ላይ እንደርሳለን። ግድግዳውን ተሸክሜ ቢሮዎ ድረስ ማምጣት ዕድሜዬ ስለማይፈቅድልኝ፣ የመዝገብ ቤት ኃላፊዋን ከነማኅተሟና ከነወረቀቴ ወደ መናኸሪያው እንዲልኩልኝ፣ ቅጂው ከዋናው ጋር ሰው ሁሉ እያየ ተመሳክሮ እንድረከብ በትሕትና እለምናለሁ። ቀዳዳዎቹን እንዳይደፍኑብኝ፣ ማኅተሙንም እንዳያስለቅቁብኝ አደራ። እንዳለ እረከበዋለሁ።

ለወገብዎ ጥንካሬን፣ ለስብሰባዎችዎም ፍጻሜን እየተመኘሁ፣ በተቀበልኩት መስተንግዶ ልክ የማከብርዎ፣

መጋረጃ ሰፊዋ፣
የአራት ቁጥር ሚስት

ሳልጽፍ ያለፍኩት፦ ሥራው በአምስት ቅዳሜ እዚህ ይደርሳል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ ሦስት ድርብ ቀለም ለመፋቅ ተዘጋጅቼ ነበርና። ሆኖም የመጀመሪያውን ግራጫ እንዳነሣን ወዲያው የባለቤቴ ክርን ብቅ አለ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ግራጫ ከላይ እስከ ታች ብንፈልግ አጣናቸው። በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያለው ሪፖርት ምናልባት ቅጂ ሊሆን ስለሚችል፣ ዋናውን ይዘው ይምጡ።