ኑሬን ያሳሰረው ኮምፒዩተር

ለተከበሩ ጓድ አብተው
የአትክልት ማከፋፈያ ድርጅታችን ሥራ አስኪያጅ
ናዝሬት

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የሶደሬ ፍል ውኃ ወገብዎን እንዳሻለዎ፣ ሴሚናሩም እንዳላደከመዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ኑሬ ታስሮ ሳለ መቀመጥ ስላቃተኝ፣ ለግድግዳ ጋዜጣችን የሚሆነውን ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ቆሜ ነው።

፩ኛ፦ ዋናው መሥሪያ ቤት የጣለውን አሮጌ ኮምፒዩተር ስላመጡልን እናመሰግናለን። አንድ ሰኞ ግን አልነሳ አለ። ኦፕሬተራችን ኑሬ ሶኬቱን ነቅሎ ሰካ፣ ገመዶቹን አጠበቀ፣ አቧራውን አራገፈ፤ ማራገቢያው ይዞራል፣ ማሽኑ ግን ማስነሻ ዲስኬቱን አላነብም አለ። ኑሬም «ጓድ፣ ማሽኑ ደህና ነው፤ የተበላሸው ዲስኬቱ ይመስለኛል» ቢልዎ፣ «ዲስኬቱን ያስቀመጥኩት እኔ ራሴ ነኝ! ይህ አሻጥር ነው!» ብለው ለቀበሌ ጥበቃ አስረከቡት። ለንቃትዎ ምስጋናችን ወሰን የለውም።

፪ኛ፦ የኑሬ ባለቤት ደራርቱ ስንቅ ይዛ ቀበሌ በር ላይ ስትንከራተት ማየት ስላልቻልኩ፣ ያለ ፈቃድዎ ዝዋይ ቅርንጫፋችን ድረስ ሄጄ ተመሳሳይ ዲስኬት ለመንኩ። በሻሼ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ይዤው ስመለስ፣ አውቶቡሱ በዘለለ ቁጥር ልቤ አብሮ ይዘል ነበር። ማሽኑ ውስጥ ከተትኩት፤ ወዲያው ተነሳ።

ከአዲስ አበባ የመጣው ባለሙያ አሮጌውን ዲስኬት መርምሮ የት ይቀመጥ እንደነበር ጠየቀን። ለጥንቃቄ ብለው ቢሮዎ ካለው ትልቅ ድምፅ ማጉያ ላይ ያኖሩት እንደነበር ነገርነው። «በቃ፣ የማጉያው ማግኔት አጥፍቶታል» አለ። ስለዚህ አሻጥር መኖሩን በትክክል ደርሰውበታል፤ የታሰረው ሌላ ሰው መሆኑ ብቻ ትንሽ አሳስቦናል።

፫ኛ፦ ኮምፒዩተሩ «በቆራጥ አመራር» መነሳቱን በስብሰባ ሲያበስሩን አጨብጭበናል። ኑሬን የሚያስፈታውን ደብዳቤ ግን ሳይፈርሙ ሶደሬ ወረዱ። ቀበሌው ያለ ፊርማዎ አልለቅም ብሏል።

ለወገብዎ ፈውስ፣ ለቀኝ እጅዎ ጣቶች ደግሞ ልዩ ብርታት እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ዘመናይ ሐዲስ
ከጽሕፈት ክፍል

ማሳሰቢያ፦ ደራርቱ ዛሬ ጠዋት ወንድ ልጅ ተገላግላለች። ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ ያልፈረሙትን የማስፈቻ ደብዳቤ ይዤ ሶደሬ እመጣለሁ። ገንዳ ውስጥ ባገኝዎትም አይሳቀቁ፤ እስክሪብቶም ፎጣም ይዣለሁ።