ሲያርስ የየሻው፣ ሲወጋ የአድማሴ

ለክቡር ቀኛዝማች ወልደ ዮሐንስ
የይግባኝ ሰሚው ችሎት ሰብሳቢ
ጎንደር

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እግዚአብሔር ጤናዎን ከፍርድዎ ይልቅ ያጽናልዎ እላለሁ፤ ፍርድዎ በአሥራ አራት ቀን ሲገለበጥ አይቻለሁና ጤናዎም እንደዚያው እንዳይሆን እሰጋለሁ። እኔ የጠዳው ገበሬ አድማሴ ነኝ። ፊደል የቆጠርሁት ያለ መምህር፣ በአርባ ዓመቴ ነው፤ ስለዚህ የጻፏቸውን ሁለት ፍርዶች ራሴ አንብቤአለሁ። ይህን ባለመገመትዎ አልቀየምዎትም።

እኔ ቦራ የሚባል አንድ በሬ አለኝ፤ ጎረቤቴ የሻውም አንድ በሬ አለው። አንድ በሬ ብቻውን ስለማያርስ መቀናጆ ገብተን፣ ሁለቱን በአንድ ቀንበር ጠምደን የእሱንም የእኔንም መሬት ስድስት ዓመት በተራ ስናርስ ኖርን። የየሻው በረት በድንጋይ የተካበ፣ ጅብ የማይደፍረው ስለሆነ ቦራ እዚያ ያድር ነበር። ጥፋቴ ይኸው ነው፤ ጅብ ፈርቼ ጎረቤት አመንሁ። በጥር በሬዬን ልወስድ ብሄድ የሻው በበረቱ በር ቆሞ፣ «ምነው አያ አድማሴ፣ በስተርጅና የሰው በሬ ይነዳሉ?» አለኝ።

አንደኛ፤ የወረዳው ዳኛ ሰባት ምስክሮቼን ሰምቶ በሬው የአድማሴ ነው ብሎ ነበር። እርስዎ ሚያዝያ ስድስት ቀን ይህን ሽረው፣ «በሬ የሚያድርበት በረት ጌታ የበሬው ጌታ ነው» ሲሉ ለየሻው ፈረዱለት። እንግዳ ያሳደረ ሁሉ እንግዳውን ለሚወርስበት ዘመን ስላደረሱን አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ ከዚያ በፊት፣ በመጋቢት፣ የሻው ቦራን በገመድ እየሳበ በገበያ መካከል ሲያልፍ በሬው አላምረው የተባለውን ገበያተኛ ጭኑን ወግቶት ነበር፤ የተከሰስሁት ግን እኔ ነኝ። የወረዳው ዳኛ እኔን በነፃ ቢለቀኝ ዐቃቤ ሕጉ ይግባኝ አለ። እርስዎም ሚያዝያ ሃያ ቀን፣ በዚያው ወንበር ተቀምጠው፣ በዚያው ማኅተም፣ «አድማሴ ከጥጃነቱ ያሳደገ ባለቤቱ ስለሆነ አመሉን ማወቅ ነበረበት» ብለው አንድ ወር አሰሩኝ። ለእስር ቤቱም ምስጋናዬ ይድረስ፤ ሁለቱን ፍርዶች ጎን ለጎን ለማንበብ ጊዜ ሰጥቶኛል።

ሦስተኛ፤ ያ ወር የእርሻ ወር ነበር። የየሻው ማሳ በእኔ በሬ ተገላብጦ ታረሰ፤ የእኔን የጤፍ ማሳ ሙጃ ወረሰው። በሬ ከሌለው ሰው ጋር መቀናጆ የሚገባ የለም። በዚህ ክረምት ካልዘራሁ እኔና ባለቤቴ ባንቺአየሁ ለከርሞ የምንበላው የለንም።

ምሕረት አልለምንም፤ ለእርቅ ሽማግሌ ቢልኩም አልሰማም። አንዱን ይምረጡ፤ በሬው የእኔ ከሆነ ይመለስልኝ፣ የየሻው ከሆነ እኔ የታሰርሁትን አንድ ወር እሱ ይታሰር። እስኪመርጡ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ በጠዳ ገበያ፣ ዋርካው ሥር ቆሜ ሁለቱንም ፍርዶች ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ገበያተኛው የመጀመሪያውን ዝም ብሎ ሰማ፤ ሁለተኛውን ስጀምር ግን ሳቅ በሳቅ ሆነ። አላምረው እንኳ በምርኩዙ ተደግፎ፣ «አያ አድማሴ፣ የወጋኝ የማን እንደሆነ እስቲ ይድገሙልኝ» አለ። ዕድሜዬ ሰባ ሁለት ነው፤ ጉሮሮዬ ግን ደህና ነው።

ወገቡን ለክብርዎ አጉብጦ ዓይኑን ከወንበርዎ ያልነቀለ፣
ሲያርሱበት የማይጠየቅ፣ ሲወጋ የሚጠራ፣
አድማሴ
ጠዳ፣ ሰኔ ፫ ቀን ፲፱፻፵፯ ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፤ ትናንት ቦራ እርስዎ ወደ ችሎት የሚመጡባትን ቀይ በቅሎዎን ወግቶ እግሯን ሰብሯል። የዳኛ በቅሎ በየሻው በረት ሦስት ቀን ገብስ ስትበላ ምን እንዳመጣት አልጠይቅም። ለእርስዎም አላዝንም፤ በሚያዝያ ስድስቱ ፍርድዎ በቅሎይቱ ያደረችበት በረት ጌታ፣ የየሻው ሆናለችና ምንም አልጠፋብዎትም። «የለም፣ የእኔ ናት» ብለው ከመጡ ግን በሬዬን በማስመልስበት ክርክር ስምንተኛው ምስክሬ እርስዎ ነዎት።