በቀለም ካርቶን ውስጥ የደበቅኩት ክኒን

ጥቅምት 4

ዛሬ ሥራ በዛ። ጣቶቼ የኔ አይመስሉም። ሬድዮ፣ የሥራ ባልደረባዬ፣ እንደ ልማዷ ገና ከበሩ ሳትገባ የሰፈሩን ዜና ለቀቀችው… ማን ተጣላ፣ ማን አረገዘ። ስሙን ያወጣንላት እኛ እዚህ ፀጉር ቤት የምንሠራው ነን፤ እሷም አልከፋትም።

ምሳ ሰዓት ላይ ክኒኔን ጓሮ ሄጄ ዋጥኩ። የምደብቀው መደርደሪያው ጫፍ ላይ ባለው የቀይ ፀጉር ቀለም ካርቶን ውስጥ ነው። ያንን ቀይ ማንም አይፈልገውም። እትዬ፣ አሠሪያችን፣ "እሱ ለጌጥ የተቀመጠ ነው" ይላሉ። ቤት እንዳላደርገው እናቴ ትራስ ገልብጣ የምታጸዳ ሴት ናት።

ምን ሰርቄ ነው ግን የምደብቀው? ኤች አይ ቪ እንዳይዘኝ ነው የምውጠው። እንዳይዘኝ። እጮኛዬ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ወር ሙሉ መንገድ ላይ ነው። እንመርመር ስለው "አታምኚኝም?" ይላል። ኮንዶም ስለው ያኮርፋል። ታዲያ ምን ላድርግ… እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ?

ጥቅምት 9

ጉድ ሆንኩ።

አንዲት ሙሽራ መጣችና ከዚያ ሁሉ ቀለም መሃል ያንን ቀይ መረጠች። እኔ የሌላ ሰው ፀጉር እያጠብኩ ነበር፣ እጄ አረፋ። ሬድዮ ካርቶኑን ከፈተች፣ ብልቃጡን አወጣች፣ ላዩ ላይ ያለውን አነበበች። የመብራት ደረሰኝ አንብቢ ስትባል ዓይኔን ያመኛል የምትለዋ ሬድዮ። "ይሄ… የነሱ መድኃኒት አይደለም እንዴ?" አለች።

የነሱ። እነሱ እነማን ናቸው?

የኔ ነው አልኩ። መከላከያ ነው፣ አልታመምኩም ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ፣ ማን ይሰማኛል። ሙሽራዋ ሳትሠራ ወጣች። እትዬ ብልቃጡን በፎጣ ያዙና ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት። በፎጣ… በባዶ እጃቸው ላለመንካት።

ጥቅምት 10

መቀስ ተከለከልኩ። "ለጊዜው ፎጣ እያጠብሽ ቆዪ፣ ደንበኛ እንዳይሸሸን" አሉኝ እትዬ፣ ዓይኔን ሳያዩ። ምሳ ለብቻዬ በላሁ። ብርጭቆዬ ሥር በጥፍር ቀለም ምልክት ተደርጎበታል። ሮዝ ነው፣ ሬድዮ የምትወደው።

ጥቅምት 13

ክኒን የለኝም። ሄጄ እንዳላመጣ ጤና ጣቢያው በር ላይ ማን ያየኛል እያልኩ… በራሴም ተናደድኩ።

ጥቅምት 16

ሄድኩ። ሲስተር መረመረችኝ፣ ነጻ ነኝ። አዲስ ክኒን ሰጠችኝ። ስላቋረጥሽ ሥራውን እስኪጀምር ተጠንቀቂ አለችኝ። ውጤቱን ወስጄ እትዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ያንብቡት አልኳቸው።

አነበቡ። ፊታቸው ፈታ ሲል አየሁ… ወዲያው መልሶ ተቋጠረ። "ካልታመምሽ ታዲያ ምን ያስውጥሻል?" አሉ። ሬድዮ ቀድማኝ መለሰችላቸው። "ስንቱን ብታዳርስ ነው" አለች።

አይ እኔ። የታመምኩ ሲመስላቸው ቢያንስ ያዝኑልኝ ነበር። ጤነኛ መሆኔ ሲታወቅ ጋለሞታ ሆንኩ። ከድጡ ወደ ማጡ። መቀሴን ግን መለሱልኝ። ጋለሞታ ፀጉር መቁረጥ ትችላለች ማለት ነው።

ጥቅምት 20

ወሬው እጮኛዬ ጋ ደረሰ። እህቱ ደንበኛችን ናት፣ ፀጉሯን ስትሠራ ሰምታ ደወለችለት። ዛሬ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ሰላምታ እንኳ አልሰጠችኝም። "ዓይን አውጣ፣ ወንድሜን አዋረድሽው" አለችኝ። የሷም ባል ሹፌር ነው፣ አንድ መንገድ ነው የሚውሉት። የሷን ቤት ማን ይጠብቅላት ይሆን?

እናቴ ደግሞ ሌላ ናት። ክኒኑን ጣይና እሱን ይቅርታ ጠይቂው ትለኛለች። ሠርጉን ለዘመድ ሁሉ ተናግራለች። "ትዳርሽን በክኒን ልትለውጪው ነው?" አለች። ጤናዬን በትዳር እንድለውጥ ነው የፈለገችው?

ጥቅምት 24

መጣ። ቤት አልገባም አለ፣ በር ላይ ቆመን አወራን።

"በኔ ላይ ክኒን የምትውጥ ሴት ምን ብዬ አገባለሁ? ሰው ምን ይለኛል?"

ነገ አብረን እንመርመር፣ ከዚያ ስለ ክኒኑ እንነጋገራለን አልኩት። "እኔ በሽተኛ እመስልሻለሁ?" አለ። በሽታ መልክ ያለው ይመስል። ለመንኩት እኮ… አንድ ጠዋት ብቻ ብዬ ለመንኩት። እምቢ አለ።

ቀለበቱን አውልቄ ሰጠሁት። እወደዋለሁ፣ አልዋሽም። ማታ አለቀስኩ። እናቴ በሯን ዘጋች።

ጥቅምት 25

ቁርስ ላይ ዋጥኩ። እናቴ ፊት። ዞር አለች።

ኅዳር 12

ብልቃጤ አሁን መስታወቱ ፊት ነው፣ ከማበጠሪያዎቹ ጎን። ማየት የፈለገ ይይ።

ዛሬ የቀድሞ እጮኛዬ እህት መጣች። ሬድዮ ፀጉሯን ጠቅልላ ካስክ ሥር አስቀመጠቻት። ካስክ ሥር ያለ ሰው በማድረቂያው ጩኸት የራሱን ድምፅ አይሰማም፤ ያንሾካሾከ ሲመስለው ይጮሃል። እኛ ለምደነዋል፣ ስንት ሚስጥር ሰምተናል።

በአጠገቧ ሳልፍ ክንዴን ያዘችኝ። በሹክሹክታ የተናገረች መስሏት፣ "ያ ክኒን የት ነው የሚሰጡት? ባሌ እንዳያውቅብኝ" አለች።

ቤቱ ሁሉ ሰማ። እትዬ መቀሳቸውን አስቀመጡ። ሬድዮ አፏን ያዘች።

ዓይን አውጣ ያለችኝ አፍ። ደግመሽ በይው ልላት ነበር፣ ከነጩኸቱ። ቀና ብላ ታየኛለች… ፈርታለች፣ ሰው እንደሰማት አላወቀችም።

ካስኩን አነሳሁና ጆሮዋ ሥር ጎንበስ ብዬ፣ በእውነተኛ ሹክሹክታ፣ ቦታውንና ሰዓቱን ነገርኳት። ከዚያ ወደ ሬድዮ ዞርኩ። "ይቺ ወሬ ከዚህ በር ከወጣች ጠብሽ ከኔ ጋር ነው" አልኳት። እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

ይቅር አላልኳትም። ሐሙስ ጠዋት ግን አብሬያት እሄዳለሁ።